ለእናቴ የቱን ቃል ልንገራት?

እናቴ የምትኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እዚያ ምርጫ በፖስታ ነው። ለተመዘገበ ሰው ሁሉ ወረቀቱ ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ይሞላል፣ ፖስታው ላይ ይፈርማል፣ ሳጥን ውስጥ ይከታል። እናቴ ዜግነት ካገኘች ወዲህ አንድም ምርጫ አምልጧት አያውቅም። ወረቀቱ በመጣ ቁጥር ግን ትደውልልኛለች። "ነይ እንጂ፣ መጥቷል" ትለኛለች። እንግሊዝኛዋ ለሥራም ለገበያም ይበቃታል። የሕግ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። እዚሁ አገር የተማርኩትን እኔንም ያደክመኛል።

በ2024 ኦክቶበር መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ተቀመጥን። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ፕሬዚዳንቱንና የኮንግረሱን ወንበር ቶሎ ጨረስን። ከዚያ ጥያቄዎቹ መጡ። በዚያ ዓመት ለኮሎራዶ መራጭ ክፍለ ግዛቱን በሙሉ የሚመለከቱ 14 ጥያቄዎች ቀርበውለት ነበር። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ጠመንጃ ግብር፣ ስለ አደን ሳይቀር። "ማሻሻያ 79" የሚለው ላይ ስንደርስ እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

"ይሄኛው ምንድነው የሚለው?"

ጥያቄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሕገ መንግሥቱ ጽንስ የማቋረጥ መብትን እንዲያውቅ፣ መንግሥት ይህን መብት እንዳይነፍግ፣ እንዳያደናቅፍ፣ በእሱም የተነሳ አድልዎ እንዳያደርግ፣ የመንግሥት ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስና ሌሎች የመንግሥት መድኖች ወጪውን መሸፈን እንዲችሉ፣ ይህ ሁሉ ይሁን ወይ ይላል። አዎ ወይም አይደለም። ሌላ ሳጥን የለም።

እኔ የተሰናከልኩት ገና የመጀመሪያው ቃል ላይ ነው። በአማርኛ ምን ልበላት?

"ማስወረድ" ልበላት? ይህ የሰፈር ቃል ነው። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ከንፈር ተመጥጦ የሚነገር። "ውርጃ" ልበላት? እሱም ያው ነው። "ጽንስ ማቋረጥ" ልበላት? ይህ የሐኪምና የሕግ ቃል ነው፤ ሰው ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብሎ አይለውም። ወጣቶቹ "አቦርሽን" ብለው ይገላገላሉ። አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ በጣም ስስ ነው። "አስወረዳት" ስንል ያዘንንላት ሴት ናት፤ ሳትፈልግ ጽንሷ ወርዶባት። "አስወረደች" ስንል የፈረድንባት ሴት ናት። በመካከላቸው ያለው የቃል ጫፍ ብቻ ነው።

እናቴን አውቃታለሁ። ጾም የማታፈርስ፣ ቅዳሴ የማትቀር ሰው ናት። "ማስወረድ ይፈቀድ ወይ?" ብላት "አይ!" ትላለች፣ ሳታስብ። "ሴትየዋና ሐኪሟ ይወስኑ ወይስ መንግሥት ይግባበት?" ብላት ደግሞ፣ መንግሥትን የምታውቅ ሴት ናትና፣ "መንግሥት ምን አግብቶት" ትላለች። ጥያቄው አንድ ነው። መልሱ ግን በእኔ አፍ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

ያን ፍርሃት ይዤ ነው ይህን የምጽፈው። አሜሪካ ውስጥ ከ2022 ወዲህ ስለ ጽንስ ማቋረጥ በክፍለ ግዛት ሕዝበ ውሳኔ ብዙ ተወስኗል። ብዙ ሰው የሚከራከረው ስለ መልሱ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን ማን እንደጻፈው ነው የሚያሳስበኝ። አባቶቻችን "ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል" ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ነገሩን ላልተከታተለ በአጭሩ ላስታውስ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 የሰጠው ውሳኔ ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት አድርጎት ቆየ። ጁን 24 ቀን 2022 ያው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት ብያኔ ሥልጣኑ ለሕዝቡና ለመረጣቸው ተወካዮች ተመለሰ። እዚህ ላይ ሁለት ባለቤት አለ፤ ሕዝቡ እና ተወካዮቹ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያየ ሰው ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል።

መጀመሪያ የተጠየቀው የካንሳስ ሕዝብ ነው፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦገስት 2 ቀን። በ2019 የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ይህን መብት ይጠብቃል ብሎ ወስኖ ነበር። ምክር ቤቱ ያንን ለመሻር ማሻሻያ አቀረበ። ስሙን "ሁለቱንም እናክብር" አሉት። ጥያቄውም የሚጀምረው የካንሳስ ሕዝብ ሴቶችንም ሕፃናትንም ስለሚያከብር በሚል ነው። እስቲ ማን ነው ለዚህ "አይ" የሚለው? ነገር ግን "አዎ" ማለት መብቱን ከሕገ መንግሥቱ ማውጣት ነበር፤ "አይ" ማለት እንዳለ መተው። በምርጫው ዋዜማ ደግሞ ብዙ መራጮች ስልክ ላይ መልእክት ገባ። ሴቶች ምርጫቸውን ሊነጠቁ ነው፣ "አዎ" ካላችሁ ግን ምርጫ ታገኛላችሁ የሚል። ፍጹም ተገላቢጦሽ ነው። እንዲህም ሆኖ በኦገስት ሙቀት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ ድምፅ ሰጠ፤ 59 በመቶው "አይ" አለ። ካንሳስ ወግ አጥባቂ ናት፣ ውጤቱን ብዙ ሰው አልጠበቀውም። እኔን የገረመኝ ግን ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሰው ጥያቄውን ገልብጦ ማንበቡ ነው።

ኦሃዮ ላይ ደግሞ ሌላ ታየ። በ2022 መጨረሻ ምክር ቤቱ የኦገስት ልዩ ምርጫዎችን በአብዛኛው የሚያስቀር ሕግ አወጣ። ምክንያቱ ኦገስት ላይ ሰው አይወጣም የሚል ነበር፤ ትክክልም ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው ምክር ቤት ራሱ የኦገስት ምርጫ ጠራ። ጥያቄው ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ከግማሽ በላይ የነበረው መስፈርት ወደ 60 በመቶ ይነሳ ወይ የሚል ነው። ፊርማ የሚሰበሰብባቸውም ካውንቲዎች ከ44 ወደ 88 ከፍ እንዲሉ፣ ማለትም ከሁሉም። በኖቬምበር የጽንስ ማቋረጥ ጥያቄ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። በኦገስት ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ወጣ። 57 በመቶው መስፈርቱ አይነሳም አለ።

ኖቬምበር ላይ ትግሉ ወደ ቃል ዞረ። መብቱን ሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት ደጋፊዎቹ ያቀረቡት ማሻሻያ ስለ ጽንስ ነበር የሚያወራው። መራጩ ወረቀት ላይ የሚያነበውን ማጠቃለያ የሚጽፈው ቦርድ ግን "ጽንስ" የሚለውን አውጥቶ "ያልተወለደ ሕፃን" አስገባ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ሐረግ ብቻ አስቀይሮ የቀረውን አጸደቀው። ይህን ዜና ሳነብ እናቴ ጠረጴዛ ላይ የሚገጥመኝን ገና አላወቅሁም ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። ያ ቦርድ የነበረበት ወንበር ላይ ነው እኔም የተቀመጥኩት። "ጽንስ" ወይስ "ሕፃን"? አንዱን ስትመርጥ መልሱን ግማሽ ጽፈህለታል። የኦሃዮ ሕዝብ ለማንኛውም በ57 በመቶ ግድም "አዎ" አለ።

ሚዙሪ ውስጥ የምርጫ ኃላፊው ማጠቃለያውን ሲጽፉ "አደገኛ፣ ቁጥጥር የሌለው" የሚሉ ቃላት አስገቡበት፤ ፍርድ ቤት ጣለው። በ2024 መብቱን የሚያስገባው ማሻሻያ ለጥቂት፣ በ51.6 በመቶ፣ አለፈ። ምክር ቤቱ ግን አልተወውም። ያንን የሚሽር ሌላ ማሻሻያ ለኖቬምበር 2026 አዘጋጅቷል። ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ጾታ ከመቀየር ጋር የተያያዘ ሕክምና የሚከለክል ሐሳብም አብሮ ተሰፍቶበታል። ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ "አዎ"። የመጀመሪያው ማጠቃለያ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የመረጠውን እንደሚሽር በግልጽ አይናገርም ነበር፤ ፍርድ ቤት ገብቶ እንዲስተካከል አዘዘ። ቁጥሩ ራሱ ያው ነው፤ ያኔም "ማሻሻያ 3"፣ አሁንም "ማሻሻያ 3"። እስቲ አንዲት እናት በዚህ ብትደናገር ይፈረድባታል?

አንድ ወገን ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው ብዬ ብጽፍ ግን እዋሻለሁ። በ2024 ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛዬ ወረቀቱን ይዛ ደወለችልኝ። "አቦርሽን የሚለው የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። የለም። የሜሪላንዱ ጥያቄ ስለ "ሥነ ተዋልዶ ነፃነት" ነው የሚያወራው፤ ቃሉ አንድም ቦታ የለም። የኒውዮርኩም ብዙ የአድልዎ ዓይነቶችን ዘርዝሮ "የሥነ ተዋልዶ ጤና እንክብካቤ" የሚል ጨመረበት እንጂ ስሙን አልጠራውም። ሁለቱም አልፈዋል፤ የሜሪላንዱማ 76 በመቶ ግድም አግኝቶ። ደጋፊዎቹ ሕጋዊ ምክንያት ያቀርባሉ፤ መብቱ ከዚያ የሰፋ ነው፣ የእርግዝና መከላከያንም ይጨምራል ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ስለ ጽንስ ማቋረጥ እየወሰነ ከሆነ ቃሉን ማየት አለበት። ያሸነፈው ወገን የእኔ ሐሳብ ቢሆንም ባይሆንም፣ ስሙ ተደብቆ የተገኘ "አዎ" አይጣፍጠኝም።

ከቃል ሌላ ደግሞ ልኬት አለ። ፍሎሪዳን ተመልከቱ። በ2024 መብቱን ለማስከበር የቀረበው ማሻሻያ 57 በመቶ አግኝቶ ወደቀ፤ 60 ያስፈልገው ነበር። በዚያው ዕለት ዶናልድ ትራምፕ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ56 በመቶ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። 60 በመቶ የሚለውን መስፈርት ራሱ ያመጣው የ2006 ሕዝበ ውሳኔ ነው፤ ያ ውሳኔ ደግሞ ያለፈው በ58 በመቶ አካባቢ ነው። ራሱ የጫነውን ሸክም ራሱ መሸከም አይችልም ነበር። ኮሎራዶም በ2016 ልኬቷን ወደ 55 አንስታለች፤ የእሷ ቢያንስ ከ55 በላይ አግኝቶ ነው ያለፈው። በፍሎሪዳ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚከለክለው ሕግ እንዳለ ቀጥሏል። ስድስት ሳምንት ብዙ ሴት ማርገዟን የምታውቅበት ጊዜ እንኳ አይደለም።

ጨርሶ የማይጠየቅም ሕዝብ አለ። ቴክሳስና ጆርጂያ ውስጥ ዜጋ ፊርማ አሰባስቦ ጥያቄ የሚያቀርብበት መንገድ የለም። ዳላስና አትላንታ ያሉ ወገኖቻችን፣ የትኛውንም ሐሳብ ቢይዙ፣ ይህን ወረቀት አያዩትም።

"እንዲህ ያለ ነገር ለሕዝብ ድምፅ መቅረብ የለበትም" የሚሉ አሉ። አንዱ ወገን "የሕፃን ሕይወት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም" ይላል። ሌላው "የእኔ አካል በጎረቤቴ ድምፅ አይወሰንም" ይላል። ሁለቱንም እሰማለሁ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን ሕዝቡ ካልወሰነ የሚወስን ሌላ ሰው አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 551፣ ለተደፈረች፣ ከዘመድ ላረገዘች፣ ሕይወቷ ወይም ጤንነቷ አደጋ ላይ ላለ፣ ዕድሜዋ ላልደረሰ ሴት በር ከፍቷል። ያን የወሰነው ምክር ቤቱ ነው። ለብዙ ሴቶች ነፍስ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። እናቴ ግን ይህን ስነግራት "እኛን ማን ጠየቀን?" ነው ያለችኝ። ቅሬታ አልነበረም። አሁን የሚጠይቃት ሰው በመኖሩ መደነቋ ነበር።

ደግሞ ሕዝብ ሲጠየቅ አንድ መልስ ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ደቡብ ዳኮታ በ2006ም በ2008ም ጽንስ ማቋረጥን ለመከልከል የቀረቡ ሕጎችን ጣለች። በ2024 መብቱን ሕገ መንግሥት ውስጥ የሚያስገባውንም ጣለች፤ 59 በመቶ ግድም "አይ" ብሎ። ነብራስካ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ ቀርቦላት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ የሚገድበውን መረጠች። ሚዙሪ፣ አሪዞና፣ ሞንታናና ኔቫዳ ትራምፕን መርጠው ለመብቱም "አዎ" አሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ደግሞ "ሰው" የሚለው ቃል ያልተወለደውንም ይጨምር የሚል ሐሳብ በ2008፣ በ2010፣ በ2014 ሦስት ጊዜ ቀርቦ ሦስቴ ወድቋል። ሰው ከፓርቲ መዝገብ አንብቦ አይመልስም። ቁጭ ብሎ ያስባል። ለዚህ ነው ጥያቄው ቀጥ ያለ እንዲሆንለት የምለምነው።

ወደ እኛ ልምጣ። የአሜሪካ የምርጫ መብት ሕግ አንዳንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው ወረቀት እንዲያገኙ ያዛል። ዝርዝሩ ውስጥ የስፓኒሽ፣ የእስያ፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች አሉ። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ በራሷ የ2004 ሕግ አማርኛን ታስተናግዳለች፤ አውሮራ ያለች እናት ግን ያላት ልጇን ነው። ያው የፌዴራል ሕግ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው። ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ለእርዳታ ይዞ መግባት ይችላል፤ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች በቀር። ልጅ ይችላል። ጎረቤት ይችላል። ይህን የማያውቅ ብዙ ወገን አለ፤ እባካችሁ ንገሩት።

እርዳታ ግን አደራ ነው። በዚያ ሰሞን የሚዞሩትን የቴሌግራምና የዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶች ሰምቻለሁ። "79 ላይ ኖ በሉ፣ ነፍስ ነው!" የሚል አለ። "79 ላይ የስ በሉ፣ ልጆቻችሁን አድኑ!" የሚል አለ። ጥያቄውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ አንድም አልሰማሁም። ለእናቱ ወረቀት የሚሞላ ልጅ ሳጥኑን ራሱ አጥቁሮ "ፈርሚ" ሲላትም አውቃለሁ። በፍቅር ነው፣ በጥድፊያ ነው። ግን ያ ድምፅ የእሷ አይደለም።

እኔ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ግማሻችሁ ጥያቄውን ትታችሁ ስለ እኔ ታስባላችሁ።

ለእናቴ ያደረግሁትን ግን ልንገራችሁ። ሦስቱንም ቃል ነገርኳት። "እንግሊዝኛው የሐኪም ቃል ነው፣ ጽንስ ማቋረጥ ይባላል። ሰፈር ማስወረድ የሚሉት ነው። ልጆቹ አቦርሽን የሚሉት ነው።" ከዚያ "አዎ" ማለት ምን እንደሚያደርግ፣ "አይ" ማለት ምን እንደሚያደርግ፣ ስለ ገንዘቡም ጭምር አነበብኩላት። ክፍለ ግዛቱ ለየቤቱ የሚልከውን ሰማያዊ መጽሐፍ ከፍቼ የደጋፊዎቹንም የተቃዋሚዎቹንም ምክንያት ተረጎምኩላት። ወደ ግማሽ ሰዓት ፈጀን። ፍሙ አመድ ለበሰ።

ዝም ብላ ቆየች። "እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ነበረች" አለችና አልቀጠለችም። እኔም አልጠየቅኳት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። "ሂጂ በረካውን ቅጂ" አለችኝ። ጀበናውን ይዤ ዞር ስል ወረቀቱን በግራ እጇ ከልላ ነበር፣ እንደ ፈተና ተማሪ።

ማሻሻያው በኮሎራዶ 62 በመቶ አግኝቶ አለፈ። የእናቴ ድምፅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ላስ ቬጋስ ያለችው አክስቴ ደወለች። "ያ ነገር ድጋሚ ይመጣል የሚሉት እውነት ነው? ባለፈው ጨርሰናል ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኔቫዳ በ2024 በ64 በመቶ አሳልፋዋለች። ግን በፊርማ የመጣ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚያ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት። በኖቬምበር 2026 እንደገና ይጠየቃሉ። ይህን ሳልነግራት መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው።

"በይ አሁን አንብቢልኝ፣ እንዳለ" አለችኝ። የባለፈውን ጥያቄ ስልኬ ላይ አወጣሁ። ጽንስ የማቋረጥ መሠረታዊ መብት... ብቃት ባለው የጤና ባለሙያ... ብዬ ጀመርኩ። "ቫያቢሊቲ" የሚለው ላይ አቆመችኝ።

"እሱ ምንድነው?"

"ጽንሱ ከማሕፀን ወጥቶ በሕይወት መቆየት የሚችልበት ጊዜ ነው።"

"ስንት ወር ነው እሱ?"

"ቁርጥ ያለ ቁጥር አልተጻፈም። ሐኪሙ ነው የሚወስነው። አብዛኛውን ጊዜ 24 ሳምንት አካባቢ ነው የሚባለው።"

"ቆይ፣ ቆይ፣ ልጻፈው" አለች። መሳቢያ ስትከፍት፣ እስክሪብቶ ስትፈልግ በስልኩ ይሰማኛል።